መሃሉን ለኋላ ማቆየት

ደብተሩ ባለ 50 ሉክ ነው። ሽፋኑ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ሲ4» ብዬ ጽፌበታለሁ። ነጭ ሆኜ ስጫወት ጨዋታ የምከፍትባቸው መንገዶች ሁሉ በእጅ ጽሑፌ ውስጡ ሰፍረዋል። ቼዝን አጥብቀው የያዙ ሰዎች ይህን «ሪፐርቷር» ይሉታል። እኔ ስንቅ ማለት ይቀለኛል፤ መንገድ ሳይጀመር ይዘጋጃል፣ መንገድ ላይ እየተበላ ያልቃል፣ ካለቀ በኋላ ያለው ጉዞ በራስ ጉልበት ነው። ይኸው ስንቅ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። መጀመሪያ የሞላሁትን ደብተር ጥዬ ሁለተኛውን ከባዶ የጀመርኩት ለምን እንደሆነ ነው ዛሬ የምጽፈው።

ለጀማሪ አንባቢ አንድ ነገር ላስቀድም። ቦርዱ ከነጩ ተጫዋች ግራ ተነስቶ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እያለ እስከ ኤች ይሄዳል፣ ከነጩ በኩል ወደ ላይ ደግሞ ከ1 እስከ 8 ይቆጠራል። ሲ4 ማለት በንግሥቲቱ በኩል ካለው ጳጳስ ፊት የቆመውን ወታደር ሁለት ቤት ማራመድ ነው። ብዙ ሰው ጨዋታ የሚከፍተው በመሃል ወታደር ነው፤ ኢ4 ወይም ዲ4። ሲ4 ግን ከጎን ይመጣል። ኢንግሊሽ ኦፕኒንግ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው በ1843 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ፈረንሳዊውን ሴን-ታማንን ከገጠመው እንግሊዛዊው ሃዋርድ ስታንተን ነው።

እኔ ለዓመታት የኢ4 ሰው ነበርኩ። ኢ4 ደስ ይላል፤ መስመሩ ይከፈታል፣ ጳጳሱና ንግሥቲቱ ወዲያው ይወጣሉ። ችግሩ ጥቁሩ ነው የሚመርጠው። ዛሬ ሲሲሊያን፣ ነገ ፍሬንች፣ ከነገ ወዲያ ካሮ ካን የሚባለውን መከላከያ። እያንዳንዱ ራሱን የቻለ አገር ነው፣ የራሱ ሕግ አለው። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከሒሳብ መዝገብ ጋር ስታገል ውዬ ለቼዝ የምትተርፈኝ ማታ አንዲት ሰዓት ናት። ሲሲሊያን አጥንቼ ሳልጨርስ ፍሬንቹን እረሳዋለሁ።

ያን ጊዜ ነው አንድ ጓደኛዬ «ሲ4 ጀምር፤ ተቃዋሚህ የፈለገውን ይጫወት፣ ያንተ አሰላለፍ አንድ ነው» ያለኝ። ጂ3፣ ጳጳስ ጂ2 ላይ፣ ፈረሶቹ ሲ3 እና ኤፍ3 ላይ፣ ዲ3፣ ካስል (ንጉሡ ወደ ጥግ ሁለት ቤት ሄዶ ግንቡ በሌላ ጎኑ የሚቆምበት እርምጃ)፣ ግንቡ ቢ1 ላይ፣ ከዚያ ቢ4። ስምንት እርምጃ ብቻ። የመጀመሪያውን ደብተር በሦስት ማታ ሞላሁት፣ ተገላገልኩ ብዬም አመንኩ። አሁን መለስ ብዬ ሳየው ሲ4ን ያኔ የመረጥኩት ወድጄው አልነበረም። ጥናቱን ፈርቼ ነበር፣ መሃል ላይ የሚጠብቀኝን ግጭትም ፈርቼ ነበር። በጎን ከሄድኩ ማንም አያገኘኝም ብዬ አስቤ ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ሻይ ቤት እንጫወታለን። ቦርዱ የሚጠቀለል ላስቲክ ነው። ከነጮቹ አንዱ ጳጳስ ከጠፋ ስለቆየ በቦታው የለስላሳ ቆርኪ ገልብጠን እናስቀምጣለን። ያ ቆርኪ ነጩ ቀለም ባላቸው ቤቶች የሚሄደው ጳጳስ ነው፤ ማለትም በኢንግሊሽ ውስጥ ጂ2 ላይ ተቀምጦ ከኤች1 እስከ ኤ8 ያለውን ረጅም ሰያፍ መንገድ የሚጠብቀው፣ የአሰላለፉ ሁሉ ዓይን።

እዚያ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር አሉ። አዲሱን ስንቄን መጀመሪያ የፈተንኩት በእሳቸው ላይ ነው። ሲ4 አልኩ፤ ኢ5 አሉ። ስምንቱን እርምጃ ሳላስብ ደረደርኳቸው። እሳቸው ዲ6፣ ፈረስ ኤፍ6፣ ካስል ካደረጉ በኋላ ፈረሱን አነሱና የኤፍ ወታደራቸውን ወደ ኤፍ5 ለቀቁት። እኔ ቢ4። ፈረሱን መለሱት። እኔ ቢ5። ንግሥታቸው በኢ8 አድርጋ ኤች5 ገባች። እኔ ኤ4፤ በንግሥት በኩል ያለው መሬት እየሰፋልኝ ስለነበር ደስ ብሎኛል። ኤፍ4 ገፉ። ጳጳሳቸው ኤች3 መጥቶ ከቆርኪው ጋር ተለዋወጠ። ቆርኪውን አንስተው ከቦርዱ ውጭ ስኳር ማስቀመጫው አጠገብ ሲያኖሩት ትዝ ይለኛል። ከዚያ ፈረሳቸው ጂ4 ዘለለ፣ ንጉሤ ዙሪያ የቀረ ጠባቂ አልነበረም። እጄን ሰጠሁ።

ጋሼ ማስተማር ስለማይለቃቸው ቦርዱን ወደ ኋላ መልሰው አቆሙት። «ይህ ፈረስ ኤፍ3 ላይ ምን ይሠራል?» አሉኝ። ቦታው ነው ብዬ መለስኩ። «ጳጳስህ የሚያይበትን መንገድ ዘጋበት። የኤፍ ወታደርህን መንገድም ዘጋበት። እኔ ኤፍ5 ስል የምታቆመኝ በዚያ ወታደር ነበር።» ትንሽ ዝም አሉና «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» አሉ፤ በቢ5 እየተደሰትኩ ስገፋ ማለታቸው ነው።

ያን ማታ ቤቴ ገብቼ ደብተሩን ገለጥኩት። ጋሼ ኤፍ5ን ይጫወቱ ይሆናል የሚል አንድ መስመር የለም። እንዲያውም ስለ ጥቁሩ የሚያወራ አንድም መስመር የለም። ስምንቱም እርምጃ ስለ እኔ ነበር።

አእምሮዬ ወደ ሰንጠረዥ የሄደው ያኔ ነው። የአገራችንን የቀድሞ ቼዝ ማለቴ ነው፤ መኳንንቱ ቀይ ጨርቅ ላይ መስመር አስምረው ይጫወቱት የነበረውን። የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት ስለ ጨዋታው ሕግ በጻፉት ላይ አንድ ከየትም አገር ቼዝ የሚለየው ነገር አለ፤ የመጀመሪያው ክፍል ወረራ ይባላል። በወረራ ጊዜ ተራ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ የፈለጉትን ያህል ያንቀሳቅሳሉ፤ ተራ በተራ መሆን የሚጀምረው የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው። ይህ እንዴት ያለ ትምህርት እንደሆነ አስቡት። እጅህ የራስህን ጦር ያሰልፋል፣ ዓይንህ ግን ከሰውየው እጅ አይነሳም። እሱ ፈረሱን በቀኝ ካወጣ አንተ ያሰብከውን ትተህ ሌላ ታሰልፋለህ። ዓይኑን የራሱ ጦር ላይ ብቻ የተከለ ሰው መጀመሪያ ጠጠር ሲበላ ተሸንፎ ያድራል።

በጎን መክፈት ማለት ለእኔ ከዚያ ወዲህ ወረራ ነው። መሃሉን ትቼው አልሄድም፤ ጥቁሩ ምን እንደሚያደርግበት እስካይ ድረስ አቆየዋለሁ። ሁለተኛው ደብተር የተጻፈው በዚህ ነው፤ ምዕራፎቹም በጥቁሩ አሰላለፍ ተከፋፈሉ።

ትልቁን ቦታ የያዘው ጥቁሩ ኢ5 ብሎ ሲመልስ ያለው ምዕራፍ ነው፤ እንደ እኛ ሻይ ቤት ባለ ቦታ ከሁሉ ይልቅ የሚመጣው እሱ ስለሆነ። ቦርዱን አዙራችሁ ብታዩት ሲሲሊያን ነው፤ ቀለሙ ተገልብጦ፣ ለነጩ አንድ እርምጃ ተጨምሮለት። እኔ ፈረስ ሲ3፣ ጂ3፣ ጳጳስ ጂ2 እላለሁና የጂ1ን ፈረስ ቤቱ አቆየዋለሁ። ምዕራፉ በሙሉ የሚያርፈው በዚያ አንድ ፈረስ ላይ ነው።

ጥቁሩ ዲ5 ከገፋና ተለዋውጠን የሱ ፈረስ ዲ5 ላይ፣ ቀጥሎም ቢ6 ላይ ካረፈ፣ መሃሉ ተከፍቷል ማለት ነው። ያኔ ፈረሴ ኤፍ3 ይወጣል፣ ኢ5ን ይጫናል። ካስል፣ ኤ3፣ ቢ4፣ ዲ3፣ ግንቡ ሲ1 ላይ። የሲ መስመር ተከፍቶልኛል፣ የኤፍ3 ፈረስ ሲነሳ ቆርኪው ወደ ቢ7 ያያል፣ ሁለተኛው ፈረስ ሲ5ን ያልማል። ጓደኛዬ የነገረኝ አሰላለፍ እዚህ ትክክል ነው። ስህተቱ ሁሉም ቦታ ትክክል ነው ማለቱ ላይ ነበር።

ጥቁሩ ዲ6 ብሎ መሃሉን ከዘጋና ኤፍ5 እየመጣ ከሆነ ግን ኢ3 እጫወትና ፈረሱን ኢ2 አወጣዋለሁ። ከኢ2 ሆኖ ኤፍ4ን ያያል፣ ዲ4ን ያያል፣ የጳጳሱን ዓይን አይጋርድም፣ የኤፍ ወታደሩም ነፃ ነው። ጥቁሩ ጂ5 ብሎ ማዕበሉን ሊለቅ ሲል ኤፍ4 እልና ማዕበሉ እዚያው ይቆማል። ይህን አንድ ነገር ለመረዳት ስምንት ወር ወስዶብኛል፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲጻፍ እንዴት እንደሚያንስ ይገርመኛል።

ኢ3ን ማክበር የጀመርኩት ግን ከጋሼ ሽንፈት ብቻ ተምሬ አይደለም። በ2023 እ.ኤ.አ. አስታና ላይ ዲንግ ሊረን ከያን ኔፖምኒያሺ ጋር ለዓለም ሻምፒዮንነት ሲገጥም አራተኛውን ጨዋታ በሲ4 ከፈተ። ፈረሶቹ አራቱም ወጥተው ጂ3 ይላል ሲባል ኢ3 አለ። እንዲያ ትሑት የመሰለች እርምጃ። ጨዋታውን በ47 እርምጃ አሸነፈ፣ ግጥሚያው ሲያበቃም ሻምፒዮን ሆነ። ያን ጨዋታ ሦስት ጊዜ ቦርድ ላይ አስኪጄዋለሁ።

ከዚህ ሁሉ ግን ልቤን የሚነካው በ1987 እ.ኤ.አ. ሴቪያ ላይ የተደረገው የዓለም ሻምፒዮንነት ግጥሚያ ነው። ጋሪ ካስፓሮቭ በሁለተኛው ጨዋታ በአናቶሊ ካርፖቭ ላይ ኢንግሊሽ ተጫወተ። በዘጠነኛው እርምጃ ካርፖቭ ማንም ያልጠበቀውን ነገር አደረገ፤ ወታደሩን ወደ ኢ3 ገፍቶ በካስፓሮቭ ሆድ ውስጥ እንደ እሾህ ተከለው። ካስፓሮቭ ለመልሱ ከአንድ ሰዓት በላይ አሰበ፣ በኋላ ሰዓት አጠረውና ተሸነፈ። እኔ ብሆን መስመሩን ከደብተሬ ቀድጄ እጥለው ነበር። እሱ በአራተኛው ጨዋታ ያንኑ መስመር፣ ያንኑ እሾህ እያየ ደግሞ ተጫወተውና አሸነፈ። በሽንፈቱና በድሉ መካከል ቁጭ ብሎ አስቦበታል። ስንቅ የሚሰናዳው እንዲህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የተሸነፍክበትን መስመር ይዘህ በመቀመጥ።

ግጥሚያው በዚያ አላበቃም። ካስፓሮቭ 23ኛውን ተሸንፎ 12 ለ11 ተመራ። ዘውዱን ለማቆየት 24ኛውንና የመጨረሻውን የግድ ማሸነፍ ነበረበት። ሁሉም ሰው ጦርነት ጠበቀ። እሱ ሲ4 አለ፤ ከዚያ ፈረስ ኤፍ3፣ ጂ3፣ ቢ3። መሃሉን ለካርፖቭ ትቶ፣ ምንም ሳይቸኩል፣ ጠጠሮቹን ቦርዱ ላይ አቆያቸው። ጨዋታው ለማግስቱ አድሮ በ64ኛው እርምጃ ካርፖቭ እጁን ሰጠ፣ 12 ለ12 ሆነ፣ ዘውዱ ከካስፓሮቭ ጋር ቀረ። በጎን መክፈት የፈሪ ነው የሚለኝ ሰው ሲያጋጥመኝ የማነሳው ይህን ጨዋታ ነው፤ ራሴም እንደዚያ ፈርቼ ስለጀመርኩት አጥብቄ አነሳዋለሁ።

ጥቁሩ ሲ5 ብሎ እኔን ሲመስል ያለው ምዕራፍ አጭር ነው፤ ሁለታችንም ጳጳሶቻችንን በጎን አውጥተን እንተያያለን፣ ቀድሞ ዲ4 ወይም ቢ4 መግፋት የቻለ ይጠቀማል። እዚያም ኢ3ና ፈረስ ኢ2 ይሠሩልኛል፤ ዲ4ን ያዘጋጃሉ።

ከባዱ ኢ6 እና ዲ5 የሚመጣበት ነው። እዚህ ላይ ነው ሲ4 ከጥናት ያድናል የሚለው ወሬ የሚፈርሰው። ጥቁሩ ኢ6 ካለ በኋላ ፈረስ ኤፍ3፣ ዲ5፣ ዲ4 ከሆነ የንግሥት ጋምቢት ውስጥ (ዲ4 እና ሲ4 የሚገፉበት የታወቀ አከፋፈት ነው) ገብተሃል፤ በጎን በር ገብተህ ሳሎኑ መሃል ቆመሃል ማለት ነው። ቦቢ ፊሸር በ1972 እ.ኤ.አ. ሬይክያቪክ ላይ ለዓለም ሻምፒዮንነት ሲገጥም ያደረገው ይህንኑ ነው። ዕድሜውን ሁሉ ማለት ይቻላል በኢ4 ሲከፍት የኖረ ሰው በስድስተኛው ጨዋታ ሲ4 ብሎ ቦሪስ ስፓስኪን በስፓስኪ ቤት፣ በንግሥት ጋምቢት ገጠመው። አሸነፈው፤ ስፓስኪ ራሱ ተነስቶ ከሕዝቡ ጋር አጨበጨበ። ስለዚህ ሲ4 የሚጫወት ሰው ዲ4ን አላውቅም ማለት አይችልም። እኔ ምርጫዬ ጂ3 እና ጳጳስ ጂ2 ሆኖ ዲ4ን እስከቻልኩ ማዘግየት ነው፤ ሪቻርድ ሬቲ በ1924 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ላይ የዓለም ሻምፒዮኑን ካፓብላንካን፣ ስምንት ዓመት ያልተሸነፈውን ሰው፣ ሲያሸንፍ ያሳየው መንፈስ ነው። ወታደር መሃል ላይ ሳትተክል መሃሉን በጳጳስና በፈረስ ከሩቅ መያዝ። ጥቁሩ ተክሎ ሲጨርስ ግን የተከለውን መምታት ያስፈልጋል። ሬቲ ሲጠብቅ ብቻ አልዋለም፤ ሰዓቱ ሲደርስ ዲ4 ገፍቶ መሃሉን ሰበረው።

አጻጻፌም ተለውጧል። ከዘጠኝ ወይም ከአሥር እርምጃ በላይ አልጽፍም። ከእያንዳንዱ መስመር ሥር ምክንያቱን በአማርኛ እጽፋለሁ፤ «ኢ2፣ ኤፍ4ን ለማየት»፣ «ኤ3፣ ቢ4ን ለማዘጋጀት»። ምክንያቱን በራሴ ቃል መጻፍ ያቃተኝን እርምጃ ኮምፒውተሩ ምንም ያህል ቢያመሰግነው አልጫወተውም፣ ምክንያቱም ቅዳሜ ቦርዱ ላይ ኮምፒውተሩ አጠገቤ አይቀመጥም። አዲስ መስመር የምጨምረው ደግሞ ተጫውቼ ከተቸገርኩበት ቦታ ብቻ ነው። ማታ ሊቼስ በሚባለው የኢንተርኔት ቼዝ መጫወቻ ላይ ሁለት ጨዋታ እጫወታለሁ፣ ከሁለቱ አንዱን ቦርድ ላይ አስቀምጬ ስንቄ የት ላይ እንዳለቀ እፈልጋለሁ፣ እዚያች ቦታ ላይ አንድ መስመር እጨምራለሁ። አንድ ብቻ። በሦስት ማታ ከሞላሁት ደብተር ይልቅ እንዲህ እየተንጠባጠበ የሞላው ይታወሰኛል።

ከጋሼ ጋር በሲ4 ዳግም የገጠምነው ከዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በመሃሉ ታመው ነበር፣ ሲመለሱ ከስተዋል፣ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ። ሲ4፤ ኢ5። ፈረስ፣ ጂ3፣ ቆርኪው ጂ2 ላይ። ዲ6፣ ጂ6፣ ከዚያ ኤፍ5 አሉ፣ የለመዱትን። ኢ3 ስጫወት ቀና ብለው አዩኝ። ፈረሱን ኢ2 ሳወጣ ምንም አላሉም፤ ሻያቸውን ማማሰያውን ሳያወጡ ጠጡ። ካስል አድርገን ጨረስን፣ ጂ5 አሉ፤ ኤፍ4 አልኩ። ሻይ ቤቱ ውስጥ ሬዲዮ ነበር፣ ምን እንደሚል አልሰማሁም። ለረጅም ጊዜ አሰቡ። ንግሥታቸው የምትወጣበት መንገድ አልነበራትም። ከዚያ በኋላ ቢ4፣ ቢ5፣ የሲ6 ፈረሳቸው ሸሸ፣ ረጅሙ መንገድ ተከፈተና ቆርኪው ከጂ2 ተነስቶ ቢ7 ያለውን ወታደር በላ። በእጄ ሳንሸራትተው ላስቲኩ ላይ ድምፅ ያሰማል፤ እንጨቶቹ ጠጠሮች እንደዚያ ድምፅ የላቸውም።

በ41ኛው እርምጃ እጃቸውን ዘረጉልኝ። «ፈረሱን አቆየኸው» አሉ።

«አዎ ጋሼ።»

«ደብተሩን አሳየኝ እስቲ።» መነጽራቸውን አድርገው ገጽ በገጽ አዩት። የኢ5ን ምዕራፍ ሲያዩ ሁለት ቦታ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ፣ አንዱን እንዳስተካክል ነገሩኝ። ልክ ነበሩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሲ4 ስል ቢ6 አሉኝ። እንደዚያ የመለሰልኝ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም፣ ደብተሬም ውስጥ የለም። እሳቸውም መሃሉን ትተው በጎን ሊጠብቁኝ ነው። ሁለታችንም ዳር ቆመን መሃሉ ባዶውን ቀረ፣ እኔም ልማዴ ሆኖ ጂ3 አልኩና ቀኑን ሙሉ ተጎተትኩ። ማታ ደብተሩን ከፍቼ አዲስ ገጽ ላይ «ቢ6» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ ኢ4፣ ፈረስ ሲ3፣ ዲ4። ምክንያት በሚለው ቦታ «ባዶ ስለተዉልኝ» ብዬ ሞልቼዋለሁ። ከዚያ በኋላ ጥቁሩ ጳጳሱን ቢ4 ላይ አምጥቶ ፈረሴን ከንጉሤ ፊት እንዳይነሳ ሲሰካብኝ ምን እንደማደርግ ገና አልጻፍኩም፤ ቅዳሜ ሦስት ቀን ቀርቶታል።